በፓይተን ስክሪፕት ድረ ገጽ ውስጥ መግባት፦ ብሮውዘሩ የሚያደርገውን አይቶ መድገም

የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጽፈው «ግባ» የሚለውን ሲጫኑ ብሮውዘሩ የሚልከው እነዚያን ሁለት ነገሮች ብቻ አይደለም። የመግቢያ ገጹ ሲከፈት ከሰርቨሩ ኩኪ ተቀብሏል። ፎርሙ ውስጥም ለዓይን የማይታዩ መስኮች ነበሩ። ቁልፉ ሲጫን ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስክሪፕት የማይገባው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ተልኮ የማይታየው ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኮዱ ሳይሆን ብሮውዘሩን ከመመልከት ነው።

የነገሩ ሥር ይህ ነው፦ ድር የሚግባባበት ኤችቲቲፒ የተባለው ሥርዓት በራሱ ማስታወስ አይችልም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ አዲስ እንግዳ ነው። ሉ ሞንቱሊ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ብሮውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ውስጥ ሳለ ኩኪን የፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ሰርቨሩ አንድ መለያ ይሰጣል፤ ብሮውዘሩ በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ መልሶ ያሳያል። «ገባሁ» ማለት ሰርቨሩ ያንን መለያ ከእርስዎ አካውንት ጋር አያያዘው ማለት ነው። ስክሪፕቱም ገጹን ከፍቶ ኩኪና ድብቅ ቶክን (በፎርሙ ውስጥ የተደበቀ የማረጋገጫ ምልክት) ይቀበላል፣ ፎርሙን ሞልቶ ይልካል፣ ከዚያ በኋላ ኩኪውን ሳይጥል ይዞ ይሄዳል።

የፓይተን ትእዛዞች፣ የአድራሻዎችና የመስኮች ስሞች እዚህ እንደሚነበቡት ተጽፈዋል። በኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ የመስክ ስሞችን ግን በግምት አይጻፉ፣ ከገጹ ላይ ይገልብጡ።

ከኮዱ በፊት የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች

አካውንቱ የእርስዎ ነው ወይስ ባለቤቱ ፈቅዶልዎታል? ካልሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕገ ወጥ ደራሽነት (ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት) በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አካውንቱ የራስዎ ቢሆንም የአገልግሎት ውሉ አውቶማቲክ አጠቃቀምን ሊከለክል ስለሚችል ያንብቡት። ባንክና የገንዘብ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ይህን ዘዴ ጨርሶ አይሞክሩት፤ አንድ የተበላሸ ዙር አካውንቱን ሊያስቆልፍ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ድረ ገጹ ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚነጋገሩበት በር፣ አለው ወይ? ካለው በፎርም መግባት ከንቱ ድካም ነው። የገጹ መልክ በተቀየረ ቁጥር ስክሪፕቱ ይሰበራል፤ ኤፒአይ ግን ለፕሮግራም ተብሎ ስለተሠራ ይጸናል። ለዚህ ከታች የአማርኛ ዊኪፔዲያን እንደ ምሳሌ እናያለን።

መሣሪያዎቹን ማዘጋጀት

ፓይተን 3 ያስፈልጋል። ለሥራው አንድ ፎልደር ይክፈቱና በውስጡ በቬንቭ ለብቻው የሚቆም አካባቢ ይፍጠሩ፤ ከዚያ አንቅተው በፒፕ ሁለት ጥቅሎችን ይጫኑ፦ ለድረ ገጽ ጥያቄ የሚልከው ሪኩዌስትስ እና የገጹን ኮድ አንብቦ የሚተነትነው ቢዩቲፉልሱፕ 4። እንደ ዴቢያን 12 ባሉ አዳዲስ የሊነክስ ስርጭቶች ላይ ቬንቭን ዘለው በቀጥታ ለመጫን ቢሞክሩ ፒፕ «አካባቢው በውጭ የሚተዳደር ነው» የሚል ስህተት አውጥቶ እምቢ ይላል። በግድ የሚያስጭነውን ምርጫ ከመጠቀም ወደ ቬንቩ መመለስ ይሻላል።

ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፍበት አንድ ነገር አለ፦ ሁለተኛው ጥቅል ሲጫን ስሙ «ቢዩቲፉልሱፕ 4» ነው፣ ኮድ ውስጥ ሲጠራ ግን «ቢኤስ 4» ነው። «እንዲህ ያለ ሞጁል የለም» የሚል ስህተት ካዩ ወይ ይህን ስም አሳስተዋል፣ ወይ ቬንቩን ሳያነቁ ስክሪፕቱን አስነስተዋል። የራስዎን ፋይል «ሪኩዌስትስ» ብለው ከሰየሙት ደግሞ ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የእርስዎን ፋይል ስለሚጠራ ግራ የሚያጋባ ስህተት ይመጣል። ፋይሉን ሌላ ስም ይስጡት።

ብሮውዘሩን መመልከት

ይህን ክፍል በጥንቃቄ የሠራ ሰው ኮዱን በ15 መስመር ይጨርሳል። የዘለለው ደግሞ ሲገምት ይውላል።

1. በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ኢንኮግኒቶ ወይም ፕራይቬት መስኮት ይክፈቱ። በተለመደው መስኮት ውስጥ ያሉ የቆዩ ኩኪዎች እውነተኛውን ሂደት ይሸፍኑብዎታል።

2. ኤፍ 12ን ተጭነው «ኔትወርክ» የሚለውን ታብ ይምረጡ። ክሮም ላይ «ፕሪዘርቭ ሎግ»፣ ፋየርፎክስ ላይ «ፐርሲስት ሎግስ» የሚለውን ያብሩ። ይህ ካልበራ፣ ገብተው ገጹ ወደ ሌላ ሲያልፍ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የሚፈልጉት ጥያቄ ደግሞ የሚጠፋው ውስጥ ነው።

3. የመግቢያ ገጹን ይክፈቱና መጀመሪያ ሆን ብለው በተሳሳተ የይለፍ ቃል ይሞክሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥለው በትክክለኛው ይግቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ስኬትና ውድቀት በዚያ ድረ ገጽ ላይ ምን እንደሚመስሉ ያሳያል፤ በኋላ ስክሪፕቱ መግባቱን የሚያረጋግጡት በዚሁ ነው።

4. በዝርዝሩ ውስጥ ዘዴው «ፖስት» (ዳታ ወደ ሰርቨሩ መላኪያ) የሆነውን መስመር ፈልገው ይጫኑት። አምስት ነገር ይመዝግቡ። አንደኛ፣ ጥያቄው የሄደበት አድራሻ፦ ብዙ ጊዜ ከመግቢያ ገጹ አድራሻ ይለያል። ሁለተኛ፣ «ኮንቴንት ታይፕ» የሚለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ መግለጫ)። ሦስተኛ፣ «ፔይሎድ» በሚለው ስር ያሉት የመስክ ስሞችና ዋጋዎች፦ የተጠቃሚ ስም ሊሆን የሚገባው መስክ «ኢሜይል» ወይም «ሎግ» ወይም «ዩዘር» ተብሎ ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ የምላሹ ቁጥር። አምስተኛ፣ ከምላሹ ሄደሮች «ሴት ኩኪ» እና «ሎኬሽን»።

5. የማያውቁት ረጅም ትርጉም የለሽ ፊደል የያዘ መስክ ካዩ፣ ያ ብዙ ጊዜ የሲኤስአርኤፍ ቶክን ነው። ጥያቄው ከራሱ ፎርም እንጂ ከሌላ ድረ ገጽ ተጭበርብሮ እንዳልመጣ ሰርቨሩ የሚያረጋግጥበት ምልክት ነው። ከሴሽኑ (በኩኪው ከሚታወቀው የአንድ ጊዜ ግንኙነት) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዛሬ ከብሮውዘር ገልብጠው ኮድ ውስጥ ቢቀረቅሩት ነገ አይሠራም፤ ስክሪፕቱ በየጊዜው ራሱ ማንበብ አለበት።

6. አሁን በመግቢያ ገጹ ላይ «ቪው ፔጅ ሶርስ» ብለው የቶክኑን መስክ ስም ይፈልጉ። «ኢንስፔክት» በሚለው አይተኩት። ኢንስፔክት ጃቫስክሪፕት ከሠራ በኋላ ያለውን ገጽ ያሳያል፣ ሶርስ ግን ሰርቨሩ የላከውን ጥሬ ገጽ ያሳያል፤ ሪኩዌስትስ የሚያገኘው ጥሬውን ነው። መስኩ ሶርስ ውስጥ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ ቶክኑ በኩኪ ወይም በሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ በኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ላይ እየሄዱ ያ ዋጋ መጀመሪያ የታየበትን ምላሽ ይፈልጉ።

ጥያቄውን በቀኝ ጠቅታ «ኮፒ አዝ ከርል» ብሎ እንደ ተርሚናል ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የወጣው ጽሑፍ ኩኪዎን፣ ከነጭራሹም የይለፍ ቃልዎን የያዘ ነው። እርዳታ ለመጠየቅ ብለው በቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይለጥፉት። ኩኪው በእጁ የገባ ሰው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው በእርስዎ ስም ይገባል።

ስክሪፕቱን መጻፍ

ለልምምድ የሚሆን ጥሩ ቦታ አለ፦ ኮትስ ቱ ስክሬፕ የተባለው፣ ለዚሁ ትምህርት ተብሎ የተሠራ ድረ ገጽ። መግቢያ ገጹ እውነተኛ ፎርምና ድብቅ ቶክን አለው፤ ማንኛውንም ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ከገቡ በኋላ ላይኛው ጥግ ላይ «ሎግኢን» የነበረው «ሎግአውት» ይሆናል። መጀመሪያ እዚያ ይሥሩት፣ ከዚያ ወደ ራስዎ ጉዳይ ይሂዱ።

ሪኩዌስትስንና ከቢኤስ 4 ውስጥ ቢዩቲፉልሱፕን ይጥሩ። ከዚያ ከሪኩዌስትስ አንድ «ሴሽን» ይፍጠሩ። የስክሪፕቱ ሁሉ አከርካሪ ይህ መስመር ነው። ብዙዎች በየቦታው «ሪኩዌስትስ ነጥብ ጌት» እና «ሪኩዌስትስ ነጥብ ፖስት» እያሉ ይጽፋሉ፤ እንዲያ ሲሆን እያንዳንዱ ጥያቄ በባዶ እጁ ይሄዳል፣ የተቀበለው ኩኪም ወዲያው ይጣላል። ሴሽን ግን ኩኪውን ይዞ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ራሱ ያያይዛል። ከዚህ በኋላ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ በዚያው ሴሽን ይሂዱ።

በሴሽኑ ሄደሮች ላይ «ዩዘር ኤጀንት»ን፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ የሚገልጸውን ሄደር፣ ይሙሉ። ምንም ካልጻፉ ሪኩዌስትስ ራሱን በላይብረሪው ስምና ቁጥር ያስተዋውቃል፤ አንዳንድ ሰርቨሮች ይህን ሲያዩ 403 («ተከልክሏል») ይመልሳሉ። የስክሪፕቱን ስምና የሚገኙበትን ኢሜይል መጻፍ ጨዋነት ያለው መንገድ ነው።

በሴሽኑ የመግቢያ ገጹን «ጌት» ያድርጉ፣ ማለትም ገጹን ይጠይቁ። «ታይምአውት» መስጠትን አይርሱ። ሪኩዌስትስ ካልተነገረው በቀር የጊዜ ገደብ የለውም፤ ኔትወርኩ መሀል ላይ ከተንጠለጠለ ስክሪፕቱም ያለ ስህተት መልእክት ተንጠልጥሎ ያድራል። ሁለት ቁጥር መስጠት ይቻላል፣ ለመገናኘት 10 ሰከንድ፣ ምላሽ ለማንበብ 30። ዝግተኛ መስመር ላይ ሁለተኛውን ወደ 60 ከፍ ያድርጉት እንጂ አይተዉት።

ቀጥሎ ገጹን ለቢዩቲፉልሱፕ ይስጡና ፎርሙን ያውጡ። «የመጀመሪያውን ፎርም ስጠኝ» ብለው አይዘዙ፤ ብዙ ገጾች ላይ የመጀመሪያው ፎርም የፍለጋ ሳጥን ነው። አስተማማኙ መንገድ ዓይነቱ «ፓስወርድ» የሆነውን ኢንፑት ፈልጎ፣ ከእሱ ወደ ላይ ወጥቶ የያዘውን ፎርም ማግኘት ነው።

ፎርሙ ከተገኘ ቶክኑን ለብቻው ከመልቀም ይልቅ በፎርሙ ውስጥ ስም ያላቸውን ኢንፑቶች ሁሉ ከነዋጋቸው ወደ አንድ ዲክሽነሪ ይሰብስቡ፤ ከዚያ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በላያቸው ይጻፉ። ድረ ገጹ ነገ አንድ ድብቅ መስክ ቢጨምር ስክሪፕቱ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ላይ ነው፦ ምልክት ያልተደረገባቸውን ቼክቦክሶች ብሮውዘር አይልክም፣ እርስዎም አይላኩ፤ ሁለት ቁልፍ ያለበት ፎርም ላይ ደግሞ የሚላከው የተጫኑት ቁልፍ ብቻ ነው።

የሚላክበትን አድራሻ ከፎርሙ «አክሽን» ያንብቡ። አጭር ሆኖ ከተገኘ በ«ዩአርኤል ጆይን» ከገጹ አድራሻ ጋር ያጋጥሙት፤ ባዶ ከሆነ ወደዚያው ገጽ ይላካል።

አሁን «ፖስት»። ቅድም የመዘገቡት ኮንቴንት ታይፕ የሚፈለገው እዚህ ነው። «ፎርም ዩአርኤል ኢንኮድድ» የሚል ከነበረ ዲክሽነሪውን «ዳታ» በሚለው ስም ያቀብሉ። «ጄሰን» ከነበረ «ጄሰን» በሚለው ስም። ሁለቱን ማምታታት ዋነኛ የስህተት ምንጭ ነው፤ ሰርቨሩ መስኮቹ ባዶ እንደሆኑ አድርጎ ስለሚያነብ «የተጠቃሚ ስም አላስገቡም» ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ልከዋል። አብረውም ከየትኛው ገጽ እንደመጡ የሚናገረውን «ሬፈረር» ሄደር በመግቢያ ገጹ አድራሻ ይሙሉ።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ «ገጽ»፣ «ቅጽ»፣ «ምላሽ» ብሎ መሰየም ይቻላል፣ ኮዱንም ለማንበብ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ለፓይተን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በአንድ መስመር «ገጽ» ብለው በሌላው «ገፅ» ቢሉ «ያልታወቀ ስም» የሚል ስህተት ይመጣል፤ ዓይንም በቶሎ አይለየውም።

በእርግጥ ገብቷል?

200 የሚለውን ቁጥር አይመኑ። 200 «ገጹን አቅርቤያለሁ» ማለት ነው እንጂ «ገብተሃል» ማለት አይደለም። ብዙ ድረ ገጾች የይለፍ ቃሉ ሲሳሳት ያንኑ የመግቢያ ገጽ ከቀይ ማስጠንቀቂያ ጋር በ200 ይመልሳሉ። ስክሪፕቱ «ተሳካ» ብሎ ያትማል፣ ቀጥሎ የሚያወርደው ሁሉ የመግቢያ ገጹ ቅጂ ይሆናል።

ትክክለኛው ፈተና ለገባ ሰው ብቻ የሚከፈት ገጽ፣ ለምሳሌ የግል ፕሮፋይል፣ በዚያው ሴሽን መጠየቅ ነው። ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የመጨረሻው አድራሻ ወደ መግቢያ ገጽ ያልተመለሰ መሆኑን፣ እና ገጹ ውስጥ ቅድም በብሮውዘር ሲገቡ ያዩት ምልክት፣ የመውጫ ሊንክ ወይም የተጠቃሚ ስምዎ፣ መኖሩን። ሪኩዌስትስ የተላለፉ መንገዶችን «ሂስትሪ» በሚባል ዝርዝር ስለሚይዝ እሱን ማተም ብዙ ያስረዳል፤ 302 (ወደ ሌላ ገጽ ማስተላለፍ) ወደ ዳሽቦርድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 302 ተመልሶ ወደ ሎግኢን ከሆነ ሴሽኑ አልያዘም። ለሙሉ እርግጠኝነት ያንኑ ገጽ ያለ ሴሽን ይጠይቁ። ምልክቱ እዚያም ከተገኘ የመረጡት ምልክት ምንም አያረጋግጥም፤ ሌላ ይምረጡ።

የአማርኛ ገጽ ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ በሄደሩ ውስጥ የጽሑፉን ኢንኮዲንግ ካልገለጸ ሪኩዌስትስ የድሮውን የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ፣ አይሶ 8859-1ን፣ ይገምታል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ውጣ» የሚለው ቃል ስድስት የማይነበቡ ምልክቶች ሆኖ ይመጣል። ስክሪፕቱ «ውጣ»ን ፈልጎ ያጣዋል፤ በደንብ ገብቶ ሳለ «አልገባሁም» ይላል። መፍትሔው የምላሹን «ኢንኮዲንግ» በእጅ ዩቲኤፍ 8 ማድረግ፣ ወይም ለቢዩቲፉልሱፕ «ቴክስት»ን ሳይሆን ጥሬ ባይቱን የያዘውን «ኮንቴንት» መስጠት ነው።

የየመድረኩ ጠባይ

ድረ ገጹ በምን እንደተሠራ ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው። የሚከተሉት ድረ ገጾች የሚሠሩባቸው የታወቁ መሣሪያዎች ናቸው።

ጃንጎ ቶክኑን በሁለት ቦታ ይፈልጋል፦ በፎርሙ ድብቅ መስክ እና በኩኪ። ኩኪው የሚመጣው ገጹን መጀመሪያ ጌት ሲያደርጉ ስለሆነ፣ ጌትን ዘለው በቀጥታ ፖስት ካደረጉ 403 ይመልሳል። በኤችቲቲፒኤስ ላይ ደግሞ ሬፈረርንም ይመረምራል፤ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ 403 ከቀጠለ የሚጎድለው እሱ ነው።

ላራቬል ቶክኑ ከጠፋ ወይም ጊዜው ካለፈ 419 የሚል ልዩ ቁጥር ይሰጣል። 419ን ያየ ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግ፦ ቶክኑን ከተቀበሉበት ሴሽን ውጪ ልከዋል፣ ወይም አሮጌ ነው።

ዎርድፕረስ የተጠቃሚ ስሙን መስክ «ሎግ»፣ የይለፍ ቃሉን «ፒደብሊውዲ» ይለዋል፤ መግቢያ ገጹ ሲከፈት የሙከራ ኩኪ ይሰጣል፣ ያ ተመልሶ ካልመጣ ኩኪ ታግዷል ብሎ ይከለክላል። ግን ጽሑፍ ለማተም ወይም ለማረም ከሆነ በፎርም መግባት አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. ከ2020ው ቅጂ 5.6 ጀምሮ «አፕሊኬሽን ፓስወርድስ» የሚባል አለው። ከፕሮፋይል ገጽዎ ለስክሪፕቱ ብቻ የሚሆን የይለፍ ቃል ያወጣሉ፣ በሬስት ኤፒአዩ ላይ በ«ቤዚክ» ማረጋገጫ (ስምና የይለፍ ቃልን በሄደር መላክ) ይጠቀሙበታል፤ ሲፈልጉ ዋናውን ሳይነኩ ያንን ብቻ ይሰርዛሉ።

ቤዚክ ማረጋገጫ ሲነሳ፣ የተጠቃሚ ስምዎ ወይም የይለፍ ቃልዎ የአማርኛ ፊደል ካለበት ሪኩዌስትስ በላቲን 1 ሊጽፈው ሞክሮ የኢንኮዲንግ ስህተት ያወጣል። ከመላክዎ በፊት ሁለቱንም ራስዎ ወደ ዩቲኤፍ 8 ባይት ይቀይሯቸው። በፎርም ሲላክ ግን ይህ ችግር የለም።

ሙድል፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ለኢ-ለርኒንግ የሚጠቀሙበት፣ «ሎግኢን ቶክን» የሚል ድብቅ መስክ አለው። ከላይ እንዳልነው የፎርሙን መስኮች ሁሉ ከሰበሰቡ ራሱ ይያዛል።

የአማርኛ ዊኪፔዲያ በኤፒአይ

የአማርኛ ዊኪፔዲያን ለሚያርሙ ሰዎች ስክሪፕት ትልቅ አጋዥ ነው፦ ተደጋጋሚ የፊደል ስህተት ማረም፣ መደብ መጨመር። መድረኩ ሜዲያዊኪ ነው፤ የመግቢያ ሥርዓቱም በግልጽ የተቀመጠ ነው።

መጀመሪያ በአካውንትዎ ገብተው «ቦት ፓስወርድስ» በሚለው ልዩ ገጽ ላይ ለስክሪፕቱ ስም ይስጡና የሚያስፈልገውን ፈቃድ ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ ለማረም ከሆነ የማረም ፈቃድ ይበቃል። ገጹ አዲስ የይለፍ ቃልና የመግቢያ ስም ይሰጥዎታል፤ ስሙ የእርስዎ የተጠቃሚ ስም፣ የ«አት» ምልክት፣ ከዚያ የስክሪፕቱ ስም ሆኖ ይጻፋል። የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚታይ ወዲያው ያስቀምጡት።

ስክሪፕቱ በሴሽን ወደ ኤፒአዩ በጌት ሄዶ ዓይነቱ «ሎግኢን» የሆነ ቶክን ይጠይቃል፣ ምላሹንም በጄሰን ይቀበላል። ከዚያ በፖስት የመግቢያ ስሙን፣ የቦት የይለፍ ቃሉንና ቶክኑን ይልካል። በምላሹ ውስጥ «ሪዘልት» የሚለው «ሰክሰስ» ከሆነ ገብቷል። ለማረም ደግሞ ሌላ ቶክን ያስፈልጋል፤ «ሲኤስአርኤፍ» ዓይነቱን፣ ከገቡ በኋላ ይጠይቁ። የመግቢያውን ቶክን ለማረሚያ መጠቀም አይቻልም።

የሜዲያዊኪ ቶክን መጨረሻው የመደመር ምልክትና ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ነው። ጽሑፉን በእጅዎ ከአድራሻው ጋር ከቀጠሉት የመደመር ምልክቱ ወደ ክፍት ቦታ ይለወጥና «የተበላሸ ቶክን» ይባላሉ። በዲክሽነሪ ለ«ዳታ» ከሰጡት ሪኩዌስትስ ራሱ በትክክል ይጠቀልለዋል። ዊኪሚዲያ ግልጽ ዩዘር ኤጀንትና መገኛ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ያልገለጸ ስክሪፕት ሊታገድ ይችላል። በእያንዳንዱ የማረም ጥያቄ ላይ «አሰርት» የሚለውን «ዩዘር» ብለው ይጨምሩ። ሴሽኑ መሀል ላይ ቢሞት ለውጡ በአይፒ አድራሻዎ ወይም በጊዜያዊ አካውንት ከመመዝገብ ይልቅ ጥያቄው ስህተት ይመልሳል።

የይለፍ ቃሉ የት ይቀመጥ?

ኮዱ ውስጥ አይደለም። ስክሪፕቱን በእጅ የሚያስነሱ ከሆነ «ጌትፓስ» የተባለው የፓይተን ሞጁል በተርሚናል ላይ ሳያሳይ ይጠይቅዎታል። በራሱ ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ በሲስተሙ ከሚቀመጥ ዋጋ) ያንብብ። ፋይል ውስጥ ካስቀመጡ ፋይሉን በ«ጊትኢግኖር» ያስገልሉ። አንድ ጊዜ ወደ ጊትሃብ የወጣ የይለፍ ቃል በሚቀጥለው ኮሚት ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ማድረግ ያለብዎት የይለፍ ቃሉን መቀየር ነው።

ኩኪውን አስቀምጦ መቀጠል

በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ስክሪፕት በየ10 ደቂቃው መግባት የለበትም። ሰርቨሩ እንደ ጥቃት ሊያየው ይችላል፤ 429 («ጥያቄ በዛ») መመለስ ይጀምራል፣ ወይም አካውንቱን ይቆልፋል። ከፓይተን ጋር የሚመጣው «ኤልደብሊውፒ ኩኪ ጃር» ኩኪዎችን በፋይል ያስቀምጣል፤ የሴሽኑ የኩኪ ማኅደር ይህ እንዲሆን ያድርጉ፣ ሲጨርሱ «ሴቭ»፣ ሲጀምሩ «ሎድ»።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት የሚበላ ነገር አለ። የመግቢያ ኩኪ ብዙ ጊዜ የማብቂያ ቀን የለውም፤ ብሮውዘር ሲዘጋ ይጥፋ የተባለ ነው። ኩኪ ጃሩም ይህን አክብሮ እንዲህ ያለውን ኩኪ ፋይል ላይ አይጽፈውም፤ ፋይሉ ይፈጠራል፣ ውስጡ ግን ዋናው ኩኪ የለም። ሲያስቀምጡም ሲጭኑም «ኢግኖር ዲስካርድ» የሚለውን «ትሩ» ያድርጉት። ስክሪፕቱ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ለገባ ሰው ብቻ የሚከፈት ገጽ ይሞክር፤ ካልተከፈተለት ብቻ እንደ አዲስ ይግባ። የኩኪ ፋይሉን እንደ የይለፍ ቃል ይጠብቁት፤ በሊነክስ ላይ ፈቃዱን 600 ያድርጉት።

መስመር ሲቆራረጥ «ደግመህ ሞክር» የሚል ዘዴ መጨመር ጥሩ ነው፣ ግን ለጌት ብቻ። የመግቢያው ፖስት በራሱ እንዲደጋገም አይተዉት። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ከሆነ ስክሪፕቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ተሳስቶ አካውንትዎን ያስቆልፋል። 429 ከመጣ «ሪትራይ አፍተር» የሚለው ሄደር ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

ሪኩዌስትስ የማይበቃበት ጊዜ

ፎርሙ ሶርስ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ፣ የይለፍ ቃሉም ከመላኩ በፊት በጃቫስክሪፕት የሚለወጥ ከሆነ እውነተኛ ብሮውዘር ያስፈልጋል። ብሮውዘርን ከኮድ የሚያንቀሳቅሱት ሴሌኒየም ወይም ፕሌይራይት ይህን ይሠራሉ። አዲስ ለሚጀምር ሰው ፕሌይራይትን እንመርጣለን፤ ቁልፉ እስኪታይ ራሱ ይጠብቃል፣ ከገቡ በኋላም ኩኪዎቹን በ«ስቶሬጅ ስቴት» ወደ ፋይል ያወጣል። ብሮውዘር ግን ከባድ ነው፣ ሜሞሪም ዳታም ይበላል። መካከለኛ መንገድ አለ፦ በፕሌይራይት አንድ ጊዜ ገብቶ ኩኪውን ማውጣት፣ ቀሪውን ሥራ ለሪኩዌስትስ ሴሽን መስጠት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዩዘር ኤጀንት ይኑራቸው፤ አንዳንድ ሰርቨሮች ኩኪውን ከእሱ ጋር ያያይዙታል።

በስልክ መተግበሪያ የሚወጣ ባለ 6 አኃዝ ኮድ የሚጠየቅ ከሆነና አካውንቱ የራስዎ ከሆነ፣ ፓይኦቲፒ የተባለው ላይብረሪ ከምስጢር ቁልፉ ያንኑ ኮድ ያወጣል። ኮዱ በተለምዶ በየ30 ሰከንዱ ስለሚለወጥ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተዛነፈ ሁልጊዜ ስህተት ይሆናል፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጋር ያስማሙ። ምስጢር ቁልፉን ከይለፍ ቃሉ ጋር በአንድ ፋይል ማስቀመጥ የሁለት ደረጃ ጥበቃውን ወደ አንድ ስለሚያወርደው ለየብቻ ይያዟቸው።

ካፕቻ፣ ሰው መሆንዎን የሚፈትነው እንቆቅልሽ፣ ከመጣ ባለቤቱ ፕሮግራም እንዲገባ አይፈልግም ማለት ነው። ለማለፍ አይሞክሩ፤ ለድረ ገጹ አስተዳዳሪ ጽፈው የኤፒአይ ቁልፍ ወይም የዳታ ቅጂ ይጠይቁ። ምን ያህል ገጽ፣ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት፣ ለምን ሥራ እንደሚፈልጉ በሁለት መስመር ያስፍሩ፤ ስክሪፕቱ የሚጠቀምበትን ዩዘር ኤጀንትም አብረው ይላኩ፣ አስተዳዳሪው በሎግ ፋይሉ ውስጥ እንዲለይዎት።